ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፡ የነርቭ ሕዋስን ምስጢር የገለጡት ሐኪም

የሰው ልጅ ሲያስብ፣ ሲያስታውስ፣ ሲናገርና ሲንቀሳቀስ በአንጎሉ ውስጥ የሚገኙ እጅግ በርካታ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይለዋወጣሉ። በአሁኑ ወቅት ሰፊ ተቀባይነት ባገኘው ግምት መሠረት በአንድ ጎልማሳ ሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ አካል ሲሆን፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘውም ሲናፕስ በተባለ እጅግ ጠባብ መገናኛ አማካይነት ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ይህ እውቀት ከ130 ዓመታት በፊት በሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ያስነሳ ጉዳይ ነበር። ክርክሩን ወደ እልባት ያደረሱት ደግሞ በወቅቱ በሳይንስ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ወደ ኋላ በቀረችው ስፔን የተወለዱት፣ የመጀመሪያውን የምርምር መሣሪያቸውን ከራሳቸው ኪስ የገዙትና የጥናት መጽሔታቸውን በራሳቸው ወጪ ያሳተሙት ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ናቸው።

ካሃል እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1852 በሰሜን ስፔን በምትገኘው ፔቲያ ደ አራጎን በተባለች ተራራማ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሁስቶ ራሞን ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተገኙ፣ በፀጉር አስተካካይነት ሙያ እየተዳደሩ ተምረው ለሐኪምነት የበቁ ብርቱ ሰው ነበሩ። እናታቸው አንቶኒያ ካሃል ይባላሉ። አባትየው በሥራቸው ምክንያት ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ስለነበር የሳንቲያጎ የልጅነት ዕድሜ ያለፈው በአራጎን የገጠር ከተሞች ውስጥ ነው።

በልጅነታቸው ለትምህርት እምብዛም ፍላጎት ያልነበራቸው ካሃል በአስቸጋሪነታቸው ይታወቁ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመታቸው አየርቤ በተባለችው ከተማ በእጃቸው በሠሩት መድፍ የጎረቤትን በር በማፍረሳቸው ለቀናት መታሰራቸው ይነገራል። በሃካ ከተማ በመነኮሳት በሚመራው ትምህርት ቤት ሳሉም በቃል የማጥናቱ ልማድ ስላልተስማማቸው ከመምህራኑ ቅጣት አልተላቀቁም።

የልጅየው ልብ ያዘነበለው ወደ ሥዕል ነበር። በየግድግዳውና ባገኙት ወረቀት ሁሉ ላይ ይስሉ ነበር። አባታቸው ግን ሥዕል እንጀራ የማያስገኝ ከንቱ ሥራ ነው ብለው ስለሚያምኑ ልጃቸውን ከዚህ ለማራቅ ብዙ ጣሩ። ትምህርቱን ችላ ባለ ጊዜም ለቅጣትና ለተግሣጽ ሲሉ በፀጉር አስተካካይና በጫማ ሰፊ ዘንድ ሙያ እንዲለማመድ አደረጉት።

አባትና ልጅን ያስታረቀው የአካል ቅርጽ ጥናት፣ ማለትም አናቶሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የበጋ ወራት አባትየው ልጃቸውን ወደ መካነ መቃብር ወስደው ከመሬት በላይ ወጥተው የቀሩ አጽሞችን እያሳዩ ስለ አጥንት ያስተምሯቸው ጀመር። ወጣቱ ሳንቲያጎ እያንዳንዱን አጥንት በጥንቃቄ ይስሉ ስለነበር ከንቱ የተባለው የሥዕል ችሎታ ለሕክምና ትምህርት በር ከፈተላቸው። ይኸው ችሎታ ከሃያ ዓመት በኋላ ለዓለም አቀፍ ዝና እንደሚያበቃቸው ግን በዚያን ጊዜ አባትም ልጅም አልጠረጠሩም።

ካሃል በዛራጎዛ ከተማ የሕክምና ትምህርታቸውን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1873 ተመረቁ። ወዲያውኑም ለወታደራዊ አገልግሎት ተጠርተው በተከታዩ ዓመት በሐኪምነት ወደ ኩባ ተላኩ። ኩባ በዚያን ጊዜ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረች ሲሆን፣ የነጻነት ታጋዮች ከስፔን ጦር ጋር እየተዋጉ ነበር። ወጣቱ ሐኪም የተመደቡት ረግረጋማ በሆነና ወባ በበዛበት ስፍራ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው በወባ ተይዘው ከሚያክሟቸው ሕሙማን ጋር አብረው ማቀቁ።

በኩባ ያዩት ነገር በሕይወታቸው ሁሉ ሲከተላቸው ኖሯል። ከበሽታው ይልቅ ያስቆጫቸው የአስተዳደሩ ብልሹነት ነበር። ለታመሙ ወታደሮች የተመደበው ምግብ ለሕሙማኑ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይመዘበር ነበር። ካሃል ይህን ድርጊት በመቃወማቸው ከአለቆቻቸው ጋር ተጋጩ። በመጨረሻም ሰውነታቸው በበሽታ ተዳክሞ እ.ኤ.አ. በ1875 ከአገልግሎት ተሰናብተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወደ ሳይንስ ምርምር ያስገባቸው አጋጣሚ የተፈጠረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 የዶክትሬት ፈተና ለመውሰድ ወደ ማድሪድ በሄዱበት ወቅት በማይክሮስኮፕ የሚታዩ የሕብረ ሕዋሳት ናሙናዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ተመለከቱ። በዓይን የማይታየው ዓለም ልባቸውን ማረከው። ከኩባ አገልግሎታቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዝተው በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ አነስተኛ የምርምር ክፍል አቋቋሙ። በወቅቱ በዛራጎዛ በዚህ ሙያ ሊያስተምራቸው የሚችል ሰው ስላልነበረ የተማሩት ከመጻሕፍት እያነበቡና ደጋግመው እየሞከሩ ነበር።

በተከታዩ ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለሞት ተቃረቡ። በተራራማ ስፍራ አርፈው ካገገሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገቡ። ወይዘሮ ሲልቬሪያ የቤተሰቡን አነስተኛ ገቢ በቁጠባ እያስተዳደሩ፣ ልጆች እያሳደጉ፣ ባለቤታቸው ለምርምር የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒትና መጽሐፍ እንዳያጡ ያደረጉ ሴት ናቸው። የካሃልን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ለሥራቸው መሳካት የእኚህን ሴት ድርሻ ከፍ አድርገው ይመለከቱታል።

እ.ኤ.አ. በ1885 ካሃል በቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሳሉ በአካባቢው የኮሌራ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። የዛራጎዛ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ስለ በሽታው መንስኤና በወቅቱ ስለ ተጀመረው ክትባት ጥናት እንዲያቀርቡለት ጠየቃቸው። እርሳቸውም ሌላ ሥራቸውን ትተው ጥናቱን አጠናቀቁ። አስተዳደሩም ለዚህ አገልግሎታቸው በጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ የተሠራ ዘመናዊ ማይክሮስኮፕ አበረከተላቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት መሣሪያዎች ሁሉ የላቀው ይህ ማይክሮስኮፕ ካሃልን ቢያንስ በመሣሪያ ረገድ ከጀርመንና ከፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጋር እኩል አደረጋቸው።

በዚያን ጊዜ የዓለም ሊቃውንትን ያከራክር የነበረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አንጎልና ሕብለ ሠረሠር ከዚህ ሕግ ውጪ ይመስሉ ነበር። በማይክሮስኮፕ የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ እጅግ ቀጭን የክር ክምችት በመሆኑ አንዱ ሕዋስ የት እንደሚያበቃና ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት አልተቻለም። በመሆኑም አብዛኞቹ ሊቃውንት የነርቭ ሥርዓት ሳይቆራረጥ የተያያዘ አንድ ትልቅ መረብ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ስዊዘርላንዳዊው ኦጉስት ፎሬልና ቪልሄልም ሂስ የተለየ ሐሳብ ቢያቀርቡም ሐሳባቸውን በበቂ ማስረጃ ማስደገፍ አልቻሉም ነበር።

ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ አልነበረም። የነርቭ ሥርዓት አንድ ወጥ መረብ ከሆነ መልእክት በየትኛውም አቅጣጫ ሊፈስ ይችላልና የአንጎልን ክፍሎች ሥራ ለይቶ ማጥናት አስቸጋሪ ይሆናል። ሕዋሳቱ የተለያዩ ከሆኑ ግን የእያንዳንዱን መነሻና መድረሻ መከተል፣ የበሽታን መነሻ መፈለግና የትምህርትንና የትዝታን ምንጭ መመርመር ይቻላል።

ለጥያቄው መፍትሔ የሚሆነውን መሣሪያ ያዘጋጁት ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ናቸው። ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1873 ይፋ ባደረጉት ዘዴ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ከቆየ በኋላ በሲልቨር ናይትሬት ሲነከር ከሕዋሳቱ ጥቂቶቹ ብቻ ከነቅርንጫፎቻቸው ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ሁሉም ሕዋሳት ቢጠቁሩ ኖሮ የሚታየው ጥቁር ጨለማ ብቻ ይሆን ነበር። የዘዴው ጥቅም ጥቂቶችን ብቻ መርጦ ማሳየቱ ነው። ሆኖም ውጤቱ አንድ ጊዜ ሲገኝ ሌላ ጊዜ ስለሚጠፋ ብዙ ተመራማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ትተውት ነበር። ጎልጂ ራሳቸውም በዚህ ዘዴ ካዩት በመነሣት የመረብን እምነት የሚደግፉ ነበሩ።

ካሃል ከዚህ ዘዴ ጋር የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ያስተዋወቋቸውም የማድሪዱ ሐኪም ሉዊስ ሲማሮ ናቸው። በዚያው ዓመት በባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ሂስቶሎጂ በተባለው የሕብረ ሕዋሳት ጥናት የፕሮፌሰርነት መንበር አግኝተው ነበርና ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚሁ ሥራ አዋሉ። በዘዴው ላይም ሁለት ዋና ዋና ማሻሻያዎችን አደረጉ። አንደኛው ናሙናው በመድኃኒቱ ውስጥ ደጋግሞ እንዲያልፍ በማድረግ ሕዋሳቱ ደምቀው እንዲታዩ ማስቻል ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ብልህነት የታየበት እርምጃ ደግሞ የፅንስና የጨቅላ እንስሳትን አንጎል መጠቀማቸው ነበር።

የዚህ ምርጫ ምክንያት ግልጽ ነው። ያደገ እንስሳ የነርቭ ጭራ ማይሊን በተባለ ልባስ ስለሚሸፈን ቀለሙ በሚገባ አይደርስበትም። በፅንስ ውስጥ ግን ልባሱ ገና ያልተሠራ ከመሆኑም በላይ የሕዋሳቱ ቅርንጫፎች አጭርና ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድን ሕዋስ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ድረስ ሳያቋርጡ መከተል ይቻላል። ሌሎች የተጠላለፈውን ጫካ ለመተርተር ሲታገሉ ካሃል ጫካው ከመሆኑ በፊት ችግኞቹን ተመለከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1888 የወፎችን ንዑስ አንጎል ሲያጠኑ ወሳኙን ማስረጃ አገኙ። በዚያ ክፍል የአንዳንድ ሕዋሳት ጭራ ጫፉ ላይ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ሌላውን ትልቅ ሕዋስ ያቅፈዋል። ይሁንና ሁለቱ ሕዋሳት ይነካካሉ እንጂ አይዋሐዱም። እያንዳንዱ ጭራ የሚያበቃው በነጻ ጫፍ ነው። ካሃል በዓይን ሬቲና፣ በሕብለ ሠረሠርና በሌሎች ክፍሎች የተመለከቱትም ከዚሁ የተለየ አልነበረም። የነርቭ ሥርዓት የተሠራው እርስ በርስ በሚነካኩ ነገር ግን በተለያዩ ሕዋሳት መሆኑን ከዚህ ደመደሙ። በዚያው ጥናት በሕዋሳቱ ቅርንጫፎች ላይ የሚታዩ እሾህ መሰል ጥቃቅን ጉጦችንም ገለጹ። ሌሎች እነዚህን የቀለሙ ስሕተት አድርገው ቢቆጥሯቸውም ዛሬ የብዙዎቹ ሲናፕሶች ማረፊያ መሆናቸው ተረጋግጧል።

ግኝቱን ለዓለም ማድረስ ሌላ ፈተና ነበር። ካሃል የሚጽፉበት የስፔን ቋንቋ በሳይንስ ዓለም እምብዛም የማይነበብ ከመሆኑም ሌላ ሥራቸውን ፈጥኖ የሚያትም መጽሔት አላገኙም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በሜይ 1888 የራሳቸውን መጽሔት አቋቋሙ። የመጀመሪያው እትም 60 ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ወጪው የተሸፈነው ከመምህርነት ደመወዛቸው ነበር። ጽሑፎቹንም ሥዕሎቹንም ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። አብዛኞቹን ቅጂዎች ለውጭ አገር ሊቃውንት ቢልኩም በቂ ምላሽ አላገኙም።

ዝምታው ሲበዛባቸው ሥራቸውን በአካል ቀርበው ለማሳየት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1889 የጀርመን የአናቶሚ ማኅበር በበርሊን ጉባኤውን ሲያካሂድ ካሃል በራሳቸው ወጪ ማይክሮስኮፓቸውንና ናሙናዎቻቸውን ይዘው ተገኙ። በደካማ ፈረንሳይኛ የሚያስረዱትን ስፔናዊ በመጀመሪያ ላይ ቁም ነገር ብሎ ያዳመጣቸው ሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ወደ ማይክሮስኮፑ ቀርበው ከተመለከቱት መካከል በዘመኑ የሙያው አንጋፋ የነበሩት የ72 ዓመቱ ስዊዘርላንዳዊ አልበርት ፎን ኮሊከር ይገኙበት ነበር።

ኮሊከር ያዩት ነገር አሳመናቸው። ቀደም ሲል የመረብን እምነት ይቀበሉ የነበሩት እኚህ አዛውንት ሐሳባቸውን ለመለወጥ አላፈሩም። የካሃልን ሙከራ በራሳቸው ላቦራቶሪ ደግመው ካረጋገጡ በኋላ በይፋ ደጋፊያቸው ሆኑ። የካሃልን ጽሑፎች በቀጥታ ለማንበብ ሲሉም በዚያ ዕድሜያቸው የስፔን ቋንቋ ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ቪልሄልም ፎን ቫልዳየር የካሃልንና የሌሎችን ጥናት አጠቃለው ሲያቀርቡ ለነርቭ ሕዋስ ኒውሮን የሚለውን ስም ሰጡት። ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ካሃል የሕዋሳቱን መለያየት ካሳዩ በኋላ አሠራራቸውን ወደ መመርመር አለፉ። መልእክት ወደ ሕዋሱ የሚገባው ዴንድራይት በተባሉት ቅርንጫፎችና በሕዋሱ አካል በኩል እንደሆነና የሚወጣውም አክሰን በተባለው ረጅም ጭራ በኩል መሆኑን ከሕዋሳቱ አቀማመጥ ተነሥተው አስረዱ። ይህ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ሕግ ተመራማሪዎች የሕዋሱን ቅርጽ በመመልከት ብቻ የመልእክቱን መንገድ እንዲገምቱ አስቻላቸው። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1890 በማደግ ላይ ያለ አክሰን ጫፉ ላይ መንገዱን የሚፈልግበት ልዩ እብጠት እንዳለው በጫጩት ፅንስ ላይ አሳዩ። አንጎል በፅንስነት ጊዜ እንዴት እንደሚገነባ የሚደረገው ጥናት ዛሬም የሚነሣው ከዚህ ግኝት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ ማድሪድ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት ካሃል ከሁለት ዓመት በኋላ በለንደን የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ጋብዟቸው ንግግር አደረጉ። በዚያን ጊዜ የተቀመጡት በእንግሊዛዊው የነርቭ ሥራ ተመራማሪ ቻርልስ ሸሪንግተን ቤት ነበር። ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1897 ሁለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበትን ስፍራ ሲናፕስ ብለው ሰየሙት። ካሃል በማይክሮስኮፕ ያዩትን ነጻ ጫፍ ሸሪንግተን በሥራ ላይ ባለው ነርቭ ውስጥ አጠኑት ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ስፔን ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ኩባን፣ ፖርቶ ሪኮንና ፊሊፒንስን አጣች። በኩባ በወጣትነታቸው ያገለገሉት ካሃል በሽንፈቱ በእጅጉ አዘኑ። አገሪቱን ለውድቀት የዳረጋት በትምህርትና በሳይንስ ወደ ኋላ መቅረቷ እንደሆነ በጋዜጦች ላይ ጻፉ። በተከታዩ ዓመት በማሳቹሴትስ የሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋብዛቸው አገራቸውን ወዳሸነፈችው አሜሪካ ተጉዘው ስለ አንጎል ትምህርት ሰጡ።

እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ የሞስኮ ሽልማት የተባለውን ክብር ለካሃል መስጠቱ በስፔን ታላቅ ስሜት ፈጠረ። የስፔን መንግሥትም በማድሪድ በእርሳቸው የሚመራ የባዮሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ ለማቋቋም ወሰነ። እስከዚያ ድረስ በኪሳቸው ይሠሩ የነበሩት ሰው በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ተቋም ኃላፊ ሆኑ። ካሃል በዚህ ወቅት ያደረጉት ነገር በአገራቸው ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። የተመደበላቸው ደመወዝ በዝቷል በማለት እንዲቀነስ ጠይቀው ተቀንሶላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1906 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሴጊስሙንዶ ሞሬት የሕዝብ ትምህርት ሚኒስትር እንዲሆኑ ጠየቋቸው። ካሃል መጀመሪያ ላይ የተስማሙ ቢሆንም ጉዳዩን መላልሰው ካሰቡበት በኋላ ሹመቱን ሳይቀበሉ ቀሩ። በዚያው ዓመት ከካሚሎ ጎልጂ ጋር በጋራ የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ።

የስቶክሆልሙ ሥነ ሥርዓት በኖቤል ታሪክ ከሚጠቀሱት ያልተለመዱ ክስተቶች አንዱ ነው። ሁለቱ ተሸላሚዎች ስለ አንድ ጉዳይ ፍጹም ተቃራኒ አቋም ነበራቸው። ጎልጂ ዲሴምበር 11 ቀን ባደረጉት ንግግር አብሯቸው የተሸለመውን ሰው ሥራ መሠረት የሆነውን የኒውሮን ሐሳብ ነቀፉ። ካሃል በማግስቱ ተራቸው ሲደርስ ለጎልጂ ዘዴ ተገቢውን ክብር ሰጥተው ማስረጃቸውን በሥዕል እያስደገፉ አቀረቡ። ዘዴውን የፈጠሩት ሰው ዘዴው ያሳየውን እውነት ሳይቀበሉ እ.ኤ.አ. በ1926 አረፉ።

ለአገራቸው ያበረከቱት ከፍተኛው አስተዳደራዊ ሥራ የተጀመረው ከሽልማቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1907 የስፔን መንግሥት የከፍተኛ ትምህርትና የሳይንስ ምርምር ማስፋፊያ ቦርድ ሲያቋቁም ካሃል ሊቀ መንበር ሆኑ። ቦርዱ ወጣት ምሁራንን በውድድር እየመረጠ ወደ ውጭ አገሮች ለትምህርት ይልክ ነበር። በአገር ውስጥም ላቦራቶሪዎችን አቋቁሞ የተመለሱት ምሁራን ሥራ ሳያጡ እንዲመራመሩ ያደርግ ነበር። ካሃል በበርሊን ጉባኤ ብቸኛና የማይታወቁ ሆነው የደረሰባቸው ችግር በተከታዩ ትውልድ ላይ እንዳይደገም የበኩላቸውን አደረጉ።

በማድሪዱ ላቦራቶሪ ዙሪያም የስፔን የነርቭ ጥናት ትምህርት ቤት በመባል የሚታወቀው የተመራማሪዎች ቡድን ተፈጠረ። ፍራንሲስኮ ቴዮ፣ ኒኮላስ አቹካሮ፣ ፈርናንዶ ዴ ካስትሮ እና ራፋኤል ሎሬንቴ ዴ ኖ በየራሳቸው የምርምር ዘርፍ ስመ ጥር ለመሆን በቅተዋል።

ይሁንና የካሃል አመራር ከእንከን የጸዳ አልነበረም። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆኑት ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ማይክሮግሊያ የተባሉትን የአንጎል ሕዋሳት ለይተው አሳዩ። ግኝታቸው ካሃል ቀደም ሲል ከሰጡት አስተያየት ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። በላቦራቶሪው ሠራተኞች መካከል በተነሣ አለመግባባት ላይ ይህ ተጨምሮ ካሃል በተከታዩ ዓመት ሪዮ ኦርቴጋን ከላቦራቶሪው አሰናበቷቸው። ቦርዱ ለወጣቱ ተመራማሪ በሌላ ስፍራ ላቦራቶሪ ስለሰጣቸው ሥራቸው አልተቋረጠም። ጊዜ ሲያልፍ ትክክለኛው ሪዮ ኦርቴጋ መሆናቸው የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬ ማይክሮግሊያ በአንጎል በሽታዎች ምርምር ከፍተኛ ስፍራ ይዟል።

ካሃል ከጻፏቸው ሥራዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1904 የታተመው የሰውንና የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት የነርቭ ሥርዓት የሚገልጸው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ደግሞ ስለ ነርቭ መጎዳትና ማገገም የጻፉት መጽሐፍ በአርጀንቲና በሚኖሩ ስፔናውያን ሐኪሞች የገንዘብ ድጋፍ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ በእጅና በእግር ያሉ ነርቮች ሲቆረጡ እንደገና ሊያድጉ እንደሚችሉ፣ የአንጎልና የሕብለ ሠረሠር ነርቮች ግን ጥቂት ሞክረው እንደሚያቆሙ አስረድተዋል። ይህን እንቅፋት የማስወገድ ሥራ ለሕብለ ሠረሠር ጉዳተኞች ተስፋ በመሆኑ ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች እየተሠራበት ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1922 በ70 ዓመታቸው ከዩኒቨርሲቲ በጡረታ ቢገለሉም ማይክሮስኮፓቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1930 ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲልቬሪያ አረፉ። እርጅናና የጆሮ መድከም ቢጫናቸውም እ.ኤ.አ. በ1933 የመረብ እምነት ተከታዮች እንደገና ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ በ81 ዓመታቸው የዕድሜ ልክ ማስረጃቸውን ጠቅለል አድርገው በጽሑፍ አቀረቡ። በተከታዩ ዓመት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1934 በማድሪድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በስፔን የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት የገነቡትን ሁሉ አናጋው። የመሩት ቦርድ ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ አልቀጠለም። ተባባሪዎቻቸውም ተበታተኑ። ሪዮ ኦርቴጋ በስደት በአርጀንቲና እያሉ እ.ኤ.አ. በ1945 አረፉ። የካሃል ስም የተሰጠው የምርምር ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ1939 በተመሠረተው የስፔን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሥር ሆኖ እስከ ዛሬ ሥራውን ቀጥሏል።

የሳይንሱ ክርክር ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ካሃል ካረፉ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረጉት ሙከራ የነርቭ መልእክት በኬሚካል አማካይነት እንደሚተላለፍ አሳይተው ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሡ ምስሎች በሁለት የነርቭ ሕዋሳት መካከል 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍተት መኖሩን አሳዩ። ይህም የሚሊሜትር ሃምሳ ሺህኛ ማለት ነው። ይህን ክፍተት በካሃል ማይክሮስኮፕ ማየት ፈጽሞ አይቻልም ነበር። በኋላም አንዳንድ ሕዋሳት በጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካይነት ኤሌክትሪክን በቀጥታ እንደሚያስተላልፉ ቢታወቅም እነዚህም ቢሆኑ የየራሳቸው ሽፋን ያላቸው የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው።

ካሃል በእጃቸው ከሣሏቸው ሥዕሎች መካከል ወደ 2,900 የሚጠጉት ተጠብቀው የሚገኙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ አሁንም በነርቭ ሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይታተማሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 የካሃልንና የባልደረቦቻቸውን የሥራ ማኅደር በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቦታል። በአየርቤ ግድግዳዎች ላይ ሲስል ይቀጣ የነበረው ልጅ ሥዕሎች ዛሬ የዓለም ቅርስ ሆነው በመጠበቅ ላይ ናቸው።